ከአልጋው ሥር የነበረው ዘይት



ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ስናስብ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «የራሳችንን ጉድ ለምን አደባባይ እናወጣለን?» ብለው ነበር። ነገር ግን ብዙ ቅዱሳን በዚሁ ፍርሃት ውስጥ እንዳለፉና አሁንም እያለፉ እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ተነጋግረንና ጸልየንበት ለመጻፍ ተስማማን።

እኛ በአራዳ፣ ከደጃች ውቤ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ የምንሰበሰብ የቤት ኅብረት ነን። ዘጠኝ ቤተሰቦች ነበርን። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አራቱ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ሄዱና አምስት ቀረን። በጸሎታችን ውስጥ የሄዱትን ስም እየጠራን፣ «እኛስ መቼ ይሆን?» እያልን በልባችን የምንጠይቅበት ወቅት ነበር። የምንነግራችሁ ነገር የሆነው በዚያው ክረምት ነው።

ሰኞ ዕለት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያ እንደሚወሰን ብሔራዊ ባንክ ያስታወቀው በዚያ ጠዋት ነው። እስከ ዋዜማው ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ከ100 ብር አለፈ።

እውነቱን ለመናገር ከእኛ መካከል ዶላር በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም። የአክሲዮን ገበያ የሚባለውም በአገራችን ገና አልተከፈተም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ዜናውን ስንሰማ የነጋዴዎችና የባለ ሀብቶች ጉዳይ መስሎን ወደየሥራችን ሄድን። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ወደ እኛ ቤት መጣ። ፒያሳ ያሉት ወርቅ ቤቶች በር ላይ ከወትሮው የበዛ ሰው ቆሞ ነበር። ለሠርጓ ቀለበት ገንዘብ ስታጠራቅም የቆየች እህታችን ወደ አንዱ ገብታ ዋጋ ስትጠይቅ «ዛሬ አንሸጥም፣ ነገ ተመለሺ» ተባለች። በሰፈራችንም ጠዋት መደርደሪያ ላይ የነበረ ዘይት ከሰዓት የለም ይባል ጀመር። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ቢሮ፣ የሁሉም ሰው ወሬ አንድ ሆነ፦ «አሁኑኑ ግዙ፣ ነገ አታገኙትም።»

አንዱ ወንድማችን አሜሪካ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለው፤ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይልክለታል። ያን ዕለት ማታ ደውሎ «ትንሽ ጠብቅ፣ ገና ይጨምራል፤ አሁን ብልከው ኪሳራ ነው» አለው። ወንድማችንም ደስ እያለው ተስማማ። የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ቀን ግን ደርሶ ነበር። አከራዩ ባላቸውን የቀበሩ አሮጊት ናቸው፣ የሚተዳደሩትም በዚያ ኪራይ ነው። «እትዬ፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» አላቸው። እሳቸውም ታገሡት።

በዚያው ሰሞን በየስልካችን መልእክት ይዘዋወር ነበር። የዘር ስጦታ የሚሰጥ ሰው ብሩ ዋጋ እንደማያጣ፣ ይልቁንም እንደሚታጠፍለት የሚናገር መልእክት። ማን እንደጻፈው አናውቅም። ነገር ግን ከመካከላችን ለሌላ ሰው ያስተላለፉት ነበሩ። ይህንንም አብረን እንናዘዛለን።

ረቡዕ ማታ

ረቡዕ እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ለመሰማማት ጮክ ብለን ነበር የምናወራው። የማቴዎስን ወንጌል በተራ ስናጠና ቆይተን በዚያ ምሽት ምዕራፍ 6 ላይ ደርሰን ነበር። ጌታችን ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች የተናገረበት ክፍል ነው። «ጌታ ለጊዜው የሚሆን ቃል ሰጠን» ተባባልን። አነበብን፣ አሜን አልን፣ ስለ አገራችን ኢኮኖሚ ጸለይን፣ ስለ ድሆችም ጸለይን። አንዳንዶቻችን አለቀስን።

ከጸሎቱ በኋላ ሻይ ሲቀርብ መቀመጫ አነሰ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ከአልጋው ሥር ዱካ እንዲያወጣ ተላከ። ልጁም የአልጋ ልብሱን ገለጥ አደረገውና ጎንበስ አለ። ዱካው ከኋላ ነበር። ከፊት ለፊቱ ግን ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካኖች በሰልፍ ተደርድረው ነበር፤ ስድስት። ልጁ ምንም ሳይመስለው አንድ በአንድ እያወጣ መሬት ላይ ደረደራቸው።

ዝም አልን። የቤቱ እመቤት ፊቷ ቀላ። «ለልጆቼ ብዬ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ አንዱ ወንድም ሳቅ እያለ «እኛም ቤት አራት አለ» አለ። ሌላዋ ስኳር ማከማቸቷን ተናገረች። ሌላው ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠውን አውጥቶ ማክሰኞ ጠዋት ወርቅ እንደገዛበት አመነ። ባለ ኪራዩ ወንድማችንም የራሱን ነገረን። መጀመሪያ ላይ ሳቅን፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት በመሆናችን እፎይ ያልን ይመስላል።

ያልሳቁት እማማ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በየማለዳው መንገድ ዳር ቦንቦሊኖ ጠብሰው ለቀን ሠራተኞች ይሸጣሉ። በዚያ ክረምት ፒያሳ አካባቢ የመንገድ ሥራው ስለበዛ ደንበኞቻቸውም በዝተው ነበር። እማማ ሻያቸውን ይዘው ጀሪካኖቹን ጥቂት ጊዜ ተመለከቱና፣ «እኔ ደግሞ ማክሰኞ ከሰዓት እታች ሱቅ ብሄድ አለቀ አሉኝ። ዛሬ ጠዋትም ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። አንዱ የለም አለኝ፣ ሁለቱ ዋጋው ገና አልታወቀም አሉኝ። ዛሬ አልጠበስኩም» አሉ።

እታች ያለው ሱቅ ሁላችንም የምንገዛበት ሱቅ ነው። ሰኞ ማታ የነበረውን ዘይት ጠራርጋ የገዛችው እህታችን መሆኗን እሷም አወቀች፣ እኛም አወቅን። ከግማሽ ሰዓት በፊት «ጌታ ሆይ፣ ድሆችን አስብ» ብለን በእንባ ስንጸልይ፣ ለጸሎታችን መልስ የሚሆነው ነገር ከተቀመጥንበት አልጋ ሥር ነበር። የምንጸልይላቸው ድሃም አጠገባችን ተቀምጠው አብረውን አሜን ይሉ ነበር።

እህታችን ማልቀስ ጀመረች። እማማ ያሉትን ቃል ግን እስከ ዛሬ አንረሳውም። «አትዘኚ ልጄ» አሏት፤ «እኔም ገንዘቡ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛ ነበር።»

ማከማቸት ኃጢአት ነው?

በሚቀጥሉት ሳምንታት ይህን ጥያቄ ይዘን ቃሉን መረመርን። የደረስንበትን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ዋጋ በእርግጥ ጨምሯል። ደመወዝተኛው በወሩ መጨረሻ የተቀበለው ብር ያው ሆኖ የሚገዛለት ነገር አንሷል። ይህን የሚያይ እናት ለልጆቿ ብትሰጋ እምነት የላትም ብለን አንፈርድባትም። መጽሐፍ ቅዱስም ማስቀመጥን በደፈናው አይኮንንም። በዘፍጥረት 41 ዮሴፍ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ሲያከማች ኖሯል፤ ያንንም ያደረገው ከእግዚአብሔር በተሰጠው ጥበብ ነው።

በሉቃስ 12 የምናነበው ባለ ጠጋም ያከማቻል። እሱን ግን ጌታ ሰነፍ ይለዋል። ሁለቱም ጎተራ ነበራቸው፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያ ባለ ጠጋ የሚያወራው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ እያለ ያስባል፤ በአሳቡ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ዮሴፍ ግን ረሃቡ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ፤ ከዚያ ጎተራ ግብፃውያን በሉ፣ የሸጡት ወንድሞቹም ሳይቀሩ በሉ። ጎተራውን የሚፈርድበት በሩ ለማን እንደሚከፈት ነው። የእኛ ጎተራ በር ደግሞ የአልጋ ልብስ ነበር፤ የተሠራውም እንዳይታይ ነው።

ሁለተኛ፣ ማቴዎስ 6ን ስንት ጊዜ አንብበነው ያላየነውን አንድ ነገር አየን። ጌታ «አትጨነቁ» ነው ያለው። «አትጨነቅ» አላለም፣ «አትጨነቂ»ም አላለም። በአማርኛችን እንኳ ቃሉ ለብዙዎች የተነገረ መሆኑ ግልጽ ነው። እኛ ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን የተላከ ደብዳቤ አድርገን እናነበው ነበር። በዚያው ምዕራፍ ጌታ ያስተማረው ጸሎት የዕለት እንጀራን ሲለምን የእኔን ሳይሆን የእኛን ብሎ ነው የሚለምነው። የእኛ የሚለው ቃል ውስጥ እማማ አሉበት። አከራይዋም አሉበት። እናንተ የማትጨነቁት እርስ በርስ ስለተያያዛችሁና አባታችሁ አንድ ስለሆነ ነው የሚል ቃል ሆኖ ተሰማን። አብረው የሚያምኑ ሰዎች ለየብቻ ሲገዙ ግን የአንዱ መረጋጋት የሌላውን ጭንቀት ይወልዳል።

ሦስተኛ፣ ነህምያ 5ን አነበብን። ኑሮ ሲከብድ ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን ለእህል ብድር መያዣ አድርጎ ሰጥቷል፤ ልጆቹንም ለባርነት እስከ መስጠት ደርሷል። የሕዝቡ ጩኸት ግን በጠላቶቻቸው ላይ አልነበረም፤ በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነበር። የቅጥሩን ሥራ ይመራ የነበረው ነህምያ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ከውጭ የሚመጣውን ጠላት የሚከለክል ቅጥር እየሠሩ በውስጥ እርስ በርስ መበላላት እንደማይቻል ገብቶት ነበር። እኛም ዋጋ ጨመረ ብለን ነጋዴውን፣ ባንኩን፣ መንግሥትን ስንወቅስ ነበር የሰነበትነው። ለመጠየቅ የሚገባን ጥያቄ ግን በቤታችን ተቀምጦ ነበር።

በዚህ ሰፈር ያለፈ ገንዘብ

ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ አንድ ወንድም አሉ፤ አራዳ ተወልደው አራዳ ያረጁ። አንድ ረቡዕ የሰፈሩን የገንዘብ ታሪክ አጫወቱን። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የድሮው የአራዳ ገበያ ጣሊያን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት ሰው በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያይ ነበር። ምኒልክም የራሳቸውን ብር አሳተሙ። ጣሊያን ሲገባ ሊሬ መጣ፤ ጣሊያን ሲወጣ ሊሬውም ሄደ። የንጉሡ ብር ተተካ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ የብር ኖቱን ቀየረ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ 10፣ 50 እና 100 ብር መቀየራቸውና ባለ 200 ብር መምጣቱ ሲነገር፣ ከፍራሽ ሥር ያስቀመጡ ሰዎች ወደ ባንክ ሲሮጡ ሁላችንም አይተናል።

«ሰው ቤቱን ደግሞ የማይነቃነቅ ሀብት ይለዋል» አሉን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ አባታቸው ሲያከራዩት የነበረውን ቤት በአንድ ቀን አጡ። «አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። እናቴ ግን በማግስቱ እንደ ወትሮው ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ እንደ ማናለብኝነት ቆጥሬባት ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ያልተወረሰ ነገር እንዳላት እያሳየችን ነበር።»

ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ የእነዚያ ሁሉ ገንዘቦች ዕጣ ታየን። አሞሌውም፣ ሊሬውም፣ ኖቱም በየጊዜው ለሆነ ሰው «ነገን ያሻግረኛል» ያለው መተማመኛ ነበር። ጌታ ብልና ዝገት ስለሚያጠፉት መዝገብ ሲናገር ሊያስፈራራን አይደለም፤ እኛ በዕድሜያችን ያየነውን ነገር ነው የሚነግረን።

ከዚያስ?

የዚያ ምሽት ጀሪካኖች ምን እንደሆኑ ሳትጠይቁን አትቀሩም። እህታችን ሁለቱን ለእማማ ልትሰጥ አነሣች። እማማ ግን በነፃ አልወስድም አሉ። «በገዛሽበት ዋጋ ውሰጂ፤ በየሳምንቱ እከፍልሻለሁ» ብለው ተስማሙ። ሐሙስ ንጋት ላይ እንደገና ጠበሱ። ባለ ኪራዩ ወንድማችንም ሳምንቱን ሳይጨርስ ለወንድሙ ደውሎ «የምትልከውን ላክ፤ ያተረፍነው በሌላ ሰው ጓዳ ነው» አለው። አከራይዋ ገንዘቡን ሲቀበሉ ምንም አላሉም፤ ግን በማግስቱ ቡና ጠሩት።

ከዚያ በኋላ ዘይትና ስኳር ሲያስፈልገን በየፊናችን መሮጥ ትተን በተራ አንድ ሰው ሸማች ማኅበር እየሄደ መጠየቅ ጀመረ። የተገኘውን በስልክ ለሁላችን ያሳውቃል። ከየቤቱ ጥቂት ብር የምናዋጣበት ሣጥንም አለን፤ እንደ ዕቁብ ነው፣ ልዩነቱ ዕጣው ሁልጊዜ በጣም ለተቸገረው መውጣቱ ነው። ከፒያሳ የሄዱት ቤተሰቦችም ርቀው እያሉ ይልካሉ።

ይህ ግን ሁሉን ነገር ፈወሰ ብለን አንዋሽም። ብሩ ከዚያ በኋላም መውረዱን ቀጥሏል። እኛም እንደገና ወድቀናል። በተከታዩ መስከረም ላይ ሌላ ወሬ ሲነሣ ከመካከላችን ሁለቱ ዳግመኛ ደብቀው ገዝተዋል፤ ዳግመኛም ተናዘዋል። ፍርሃት አንድ ጊዜ ተጸልዮበት የሚወጣ ነገር አልሆነልንም። በየቀኑ ወደ ጌታ የምንወስደው ሸክም ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎችም ገዙ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ። ከእኛ አንዷ ከተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 33 አክሲዮኖች በ9,900 ብር ገዝታለች። ይህም መልካም ነው፤ ሠርቶ መቆጠብ፣ ቆጥቦ ሥራ ላይ ማዋል የተመሰገነ ነገር ነው። ነገር ግን በገበያ የሚሸጥ አክሲዮን እንደሚወጣ ሁሉ ይወርዳል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ገበያ ሲወድቅ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን የጡረታ ቁጠባቸው ሲያንስ ዓይናቸው እያየ ተጨንቀው ነበር። እኛም አንድ ቀን ስልካችንን ከፍተን ቁጥሩ ቀንሶ እናገኘዋለን። ያን ቀን የሚሰማንን ፍርሃት አሁን እናውቀዋለን፤ ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን ተዋውቀናል። ስለዚህ እህታችንን «ሲወርድ ብቻሽን አትቀመጪ፣ ረቡዕን አትጠብቂ፣ ደውዪልን» ብለናታል።

ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ ግን በዚህ ጊዜ ልባችሁ የተናወጠ ወገኖች ይህን እያነበባችሁ ይሆናል። ክርስቲያኖች አይፈሩም ብላችሁ አታስቡ፤ የእኛን አልጋ ሥር አይታችኋል። ነገር ግን 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥9 የሚነግረን አንድ ጌታ አለን። ሀብታም ሲሆን ስለ እኛ ድሃ ሆነ። ለራሱ ምንም አላስቀረም፤ ሕይወቱንም ሰጠ። እርሱ እንዲህ ከሆነ፣ ነገ ባዶ ሆኖ አይጠብቀንም። የዘይቱን ጀሪካን ከአልጋ ሥር ለማውጣት ድፍረት የሰጠን ይህ ብቻ ነው። እናንተንም ይጠራችኋል።

አብረን እንጸልይ።

አባታችን ሆይ፣ ቤታችንን ታውቃለህ፤ አልጋችን ሥር ያለውንም ታውቃለህ። ልጆቻችን ይራባሉ ብለን የፈራነውን ፍርሃት ይቅር በለን። አንተን ያመንን መስሎን በጀሪካን ታምነናል። የጎረቤታችንን ድርሻ ደብቀን ስለ ጎረቤታችን ለምነናል። ዛሬ ዋጋ ሲጨምር ጓዳችንን እንዳንቆልፍ፣ ነገ ዋጋ ሲወርድ ተስፋችን እንዳይወርድ እርዳን። ከመካከላችን ዘይት ፈልገው ያጡትን፣ ኪራይ የሚጠብቁትን፣ ቤታቸው የፈረሰባቸውን አሳየን፤ አይተንም እንዳናልፍ እጃችንን ፍታልን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።